ሰምና ወርቅ በክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወትና ድርሰት

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ አማኑኤልን፥ ደምበጫንና ጅጋን ካለፈ በኋላ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲያቀና ደግሞ በመካከል ማንኩሳን ያገኛል። መንገደኛው ግእዝ የሚያውቅ እንደ ሆነ ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ መሆኑን አስተውሎ ደስ ይለዋል፤ የማያውቅ እንደ ሆነ ግን ስሙን እንደ ማናቸውም የከተማ ስም ጠርቶ ያልፋል። ሁለቱም በአንድ መንገድ ሄደዋል፤ ያገኙት ግን እኩል አይደለም። መጽሐፍ የሚያነቡ ሰዎችም እንዲሁ ናቸው።

ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ መካከል ያለችው ማንኩሳ በኢትዮጵያ ሁሉ የታወቀችው በገበያዋ ወይም በእህሏ ብቻ አይደለም፤ በ1958 ዓመተ ምሕረት የታተመው ፍቅር እስከ መቃብር የተባለው ልቦለድ ከእርስዋ ስለሚጀምር ነው እንጂ። በመጽሐፉ ውስጥ ዋና ሆኖ የሚታየው በዛብህ የተወለደው በዚያ ነው። መጽሐፉን ያላነበቡትም ቢሆኑ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምተውታል፤ ስለዚህም ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ ሳይቀር ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ያዘነበት ጊዜ ነበረ።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የዚህን መጽሐፍ ደራሲ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን ሕይወት በአጭሩ ልንናገር እንወዳለን። ይህንንም የምናደርገው ስማቸውን ለማወደስ ብቻ አይደለም። ከካህናትና ከምእመናን መካከል መጽሐፉ ሥርዐተ ቤተ ክርስቲያንን የሚነቅፍ ነው ብለው የሚሸሹት አሉ፤ የወንድና የሴት ፍቅር ወሬ ነው ብለው የሚንቁትም አሉ፤ ደግሞ በየገጹ ምሥጢር አለ እያሉ ደራሲው ያላሰቡትን የሚያናግሯቸው አሉ። ሦስቱም ወገኖች አንድ ነገር ጐድሏቸዋል፤ ይኸውም ጽሑፍ በምን ዐይነት መንገድ እንደሚናገር መለየት ነው። የደራሲውም ሕይወት ይህን የሚያስተምር ሆኖ አግኝተነዋል።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓመተ ምሕረት በጎጃም በደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ካህን ነበሩ። ስለዚህ በሕፃንነታቸው በጆሮአቸው የገባው ድምፅ የቅዳሴና የማሕሌት ድምፅ ነበረ። ጊዜው ሲደርስም እንደ አገሩ ልማድ ወደ ጉባኤ ቤት ሄዱ፤ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተዘዋውረው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተማሩ፤ ቅኔንም ተማሩ።

የቅኔ ተማሪ ኑሮ ምን እንደሚመስል ለብዙዎቹ አንባብያን መንገር አያስፈልግም፤ ራሳቸው ያለፉበት ነውና። ነገር ግን ለወጣቶቹ ስንል ጥቂት እንናገራለን። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቦ፥ ውሻ እየተከላከለ ስለ ማርያም ስም ለምኖ የዕለት ጉርሱን ያገኛል። ማደሪያው በመምህሩ ደጅ የተቀለሰች ጎጆ ናት። ከግስ ይጀምራል፤ ከዚያም ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና እጁን ያፍታታል፤ ደረጃ በደረጃም ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይወጣል። ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም ያርመዋል፤ ቃሉ ቢሰበር፥ ዜማው ቢጐድል፥ ከሁሉም ይልቅ ሰሙና ወርቁ ባይገጥሙ ይጥልበታል። ትናንት የተነገረውን ቅኔ ዛሬ ደግሞ መናገር ነውር ነው፤ ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበትና።

ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ የሚፈልገውን ቅርፅ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ከዚያ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራም የቀለጠውን ወርቅ ያፈስሳል። ወርቁ ሲረጋ ሰሙ የነበረውን መልክ ሁሉ ይዞ ይገኛል። በቅኔም ሰሙ በግልጥ የሚሰማው ነገር ነው፤ ወርቁ በውስጡ የተሰወረው ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ አንጥረኛው ሰሙን አጣምሞ ከሠራው ወርቁም ጠማማ ይሆናል። ደግሞ ሰሙ ያልነበረበት ስፍራ ወርቁ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ሰሙን የናቀ ወርቁን አያገኝም፤ ሰሙ የማይሸከመውን ወርቅ አገኘሁ የሚልም ከራሱ ኪስ ያወጣውን ነው የሚያሳየን።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ትምህርት በልባቸው ይዘው ወደ አዲስ አበባ ወጡ። በዚያም በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊውን ትምህርት ተማሩ። ገና ተማሪ ሳሉ ቴአትር ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ጎጃም ተመልሰው በመምህርነት አገለገሉ። በ1928 ዓመተ ምሕረት የፋሺስት ኢጣልያ ጦርነት በሆነ ጊዜ የጎጃም ገዥ ከነበሩት ከልዑል ራስ እምሩ ጋራ ዘመቱ። የማይጨው ጦርነት ካለፈ በኋላም በምዕራብ ኢትዮጵያ በነበረው ተጋድሎ ከእርሳቸው አልተለዩም። በመጨረሻ ተማርከው ወደ ኢጣልያ አገር ተወሰዱ፤ ሰባት ዓመት ያህልም በእስር ኖሩ። ይህን የመከራ ዘመን ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በ1985 ዓመተ ምሕረት፥ ትዝታ በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውታል።

ከእስር ከተፈቱ በኋላ አገራቸውን በብዙ ልዩ ልዩ ሥራ አገልግለዋል። በኢየሩሳሌም ቆንስል፥ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያ መልእክተኛ፥ በእንግሊዝ አገር አምባሳደር፥ በአገር ቤትም የትምህርት ሚኒስትር ሆነዋል። በ1948 ዓመተ ምሕረት ተረት ተረት የመሠረት የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ፍቅር እስከ መቃብር ወጣ፤ ቈይቶም ወንጀለኛው ዳኛና የልም እዣት ተከተሉት። በኅዳር ወር 1996 ዓመተ ምሕረት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እነሆ ካረፉ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነ።

እንግዲህ እኒህ የካህን ልጅ፥ የቅኔ ተማሪ፥ የጦር ምርኮኛና የመንግሥት መልእክተኛ የነበሩ ሰው ልቦለድ ለመጻፍ ሲቀመጡ የጉባኤ ቤቱን ትምህርት ከደጅ አልተዉትም። በመጽሐፋቸው ውስጥ የተሠራበትን መንገድ አንድ በአንድ ብንመለከት ይህ ይገለጥልናል።

መጀመሪያ ስሞቹን እንመልከት። በቅኔ ቤት ስም ለጥሪ ብቻ አይውልም፤ ለምሥጢር መክፈቻ ይሆናል። ሰብለ ወንጌል የወንጌል አዝመራ ማለት ነው። ይህች ልጅ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ስትሆን በዛብህ ማንበብና መጻፍ ሊያስተምራት ወደ ቤታቸው ይገባል፤ የተዘራባትም ቃል ፍሬ ያፈራል፤ ፍሬው ግን ዘሪውም ባለ እርሻውም ያላሰቡት ሆኖ ይገኛል። በፊታውራሪ ላይ የተነሡት ገበሬዎች አለቃ አበጀ በለው ይባላል፤ ስሙን የጠራ ሁሉ ሳያውቅ የገበሬውን ሥራ ያደንቃል፤ ምቱንም ያዝዛል። ካሳ የተባለውን ሰው ደግሞ ሕዝቡ ጉዱ ካሳ እያለ ይጠራዋል። ጉድ የሚለው ቃል ለነውርም ለድንቅም ይነገራል። ሕዝቡ በሰሙ ነውረኛ ሲለው፥ ታሪኩ በወርቁ ድንቅ ሰው መሆኑን ያሳየናል። ይህ ቅኔ ተማሪ ኅብር የሚለው ነው፤ አንድ ቃል ሁለት ፊት ይዞ ሲቆም።

ሁለተኛው ምጸት ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በዘሩ የሚመካ ሰው ነው። ለልጄ የሚመጥን ዘር ያለው ባል የለም እያለ ልጁን ያለ ትዳር ያስቀራታል። ደራሲው ይህን ሰው አይሰድቡትም፤ ዝም ብለው እንደ ልቡ ሲመካ ያሰሙናል። አንባቢው ግን ትምክሕቱ እየበዛ በሄደ ቍጥር የሰውየው ቁመት እያጠረ መሄዱን ያያል። በምጸት የሚናገር ደራሲ ፍርዱን በገጹ ላይ አይጽፍም፤ አንባቢው ራሱ እንዲፈርድ ይተወዋል። ይህን ያልተረዳ ሰው ደራሲው ባላባትን አመሰገኑ ሊል ይችላል።

ሦስተኛው፥ ከሁሉም የሚበልጠው፥ ተናጋሪውን መለየት ነው። ጉዱ ካሳ የአገሩን ልማድ፥ የመኳንንቱንም አኗኗር ይነቅፋል። ያን ንግግር ያነበበ ሰው ደራሲው እንዲህ አሉ ብሎ ቢከራከር ስሕተት ነው። የተናገረው ጉዱ ካሳ ነው። ደራሲው ደግሞ ለእርሱ ንግግር እንዳስተዋሉ ሁሉ ለሌሎቹም ንግግር አስተውለዋል። የደራሲው ሐሳብ የሚገኘው በአንዱ ሰው አፍ ሳይሆን ሰዎቹ ሁሉ ተናግረው፥ ሁሉም የሥራቸውን ካገኙ በኋላ በሚቀረው ነገር ነው። በዚህ መጽሐፍ የሚቀረው ነገር መቃብር ነው፤ በዘር የተመካውም፥ በድኽነት የተናቀውም፥ እብድ የተባለውም ወደዚያው ይደርሳሉ።

ይህ ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንግዳ ነገር መሆን አይገባውም። በመጽሐፈ ኢዮብ ውስጥ የኢዮብ ወዳጆች ብዙ ያማረ ነገር ተናግረዋል። ነገር ግን በመጨረሻ እግዚአብሔር ስለ እርሱ ቅን ነገር አልተናገሩም ብሎ ተቈጥቷቸዋል። እንግዲህ አንድ ሰባኪ የእነርሱን ቃል ብቻ ነቅሎ ለታመመ ሰው ሕመምህ የኀጢአትህ ፍሬ ነው ብሎ ቢሰብክ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጠቅሶ ሳለ መጽሐፍ ቅዱስን ተቃውሟል። ቃሉ በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ የመጽሐፉ ፍርድ ግን በተቃራኒው ነው። ማን ተናገረ፥ ለማን ተናገረ፥ መጨረሻውስ ምን ሆነ ብለው የሚጠይቁ መተርጕማን አባቶቻችን ይህን ስለ ተረዱ ነው።

ደግሞ ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት በገባ ጊዜ ያደረገውን እናስታውስ። ስለ አንድ ባለጸጋና አንዲት በግ ብቻ ስለነበረችው ድኻ ነገረው። ዳዊት ሰሙን ሰማ፤ ተቈጥቶም ፈረደ። ናታን ወርቁን በገለጠለት ጊዜ ግን የፈረደው በራሱ ላይ መሆኑን ዐወቀ፤ ንስሐም ገባ። ነቢዩ ፊት ለፊት ቢነቅፈው ኖሮ ንጉሡ ምን ባደረገ ነበር? ሰም የተሠራው ለማታለል አይደለም፤ እውነት ወደ ደነደነ ልብ የምትገባበት በር እንዲሆን ነው እንጂ። የፍቅር እስከ መቃብር ደራሲም በዘር የሚመካውን ሁሉ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ አስቀድመው እንዲፈርድ አድርገዋል፤ ወርቁን መግለጥ ለየአንባቢው ኅሊና ተትቷል።

አሁን ደግሞ ወደ ማንኩሳ እንመለስና በመጽሐፉ ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን ሰው እጅግ የሚከብደውን ነገር እንመርምር። በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር በስእለት የሰጡት ልጅ ነው። ሲያድግ ግን ሰብለ ወንጌልን ወደደ፤ ስእለቱም በኅሊናው ውስጥ ይከስሰው ጀመር። መጽሐፉን የሚሸሹ ሰዎች ደራሲው ስእለትን ነቀፉ ይላሉ። እኛ ግን እንዲህ እናነበዋለን። በግእዝ ሥርዐት ስእለት ተብሎ የሚጻፈው ቃል በሕዝብ አነጋገር ስለት ይባላል፤ የቢላዋም አፍ ስለት ይባላል። የቅኔ ተማሪ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፍም። በእናትና በአባት ፍቅር የተነገረው ስእለት፥ ልጁ ራሱ ሳይጠየቅ ስለ ተነገረ፥ በልጁ ልብ ውስጥ ስለት ሆኖ ይቈርጣል። በዚህ ቦታ የተነቀፈው እግዚአብሔርን መለመን ወይም ለእግዚአብሔር መስጠት አይደለም። የሰውን ሕይወት ሰውየው ሳይሰማ መሳል ምን ያህል የሚያስፈራ ነገር እንደ ሆነ ነው የተነገረን። ይህን የሚረዳ የንስሐ አባት፥ ልጄን ለታቦቱ ልስጥ ብላ የመጣችን እናት አይገሥጻትም፤ ነገር ግን ልጁ አድጎ ራሱ እንዲመርጥ በጥበብ ይመክራታል። እንግዲህ አንድን መጽሐፍ በትክክል ማንበብና አለማንበብ በአንድ ልጅ ዕድሜ ላይ ሊወስን ይችላል።

እዚህ ላይ ግን ራሳችንን ልንገታ ይገባናል። ስለትና ስእለት የሚለውን ኅብር ደራሲው ራሳቸው አስበው አኖሩት ብለን አንከራከርም። የምንለው ታሪኩ ይሸከመዋል ነው፤ ስእለቱ በታሪኩ ውስጥ አለ፤ የሚቈርጥም ሆኖ ይታያል። በሌላ በኩል ደግሞ ማንኩሳ የሚለው ስም መነኰሰ ከሚለው ቃል ጋራ በጆሮ ይቀራረባል። አንድ አንባቢ ተነሥቶ፥ በስእለት የተሰጠው ልጅ በማንኩሳ የተወለደው ስለዚህ ነው ቢለን ምን እንመልስለት? ማንኩሳ ደራሲው የፈጠሯት አይደለችም፤ ከመጽሐፉ በፊትም ነበረች፤ የቃሉም መቀራረብ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ስለዚህ ይህ ለጆሮ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ወርቅ ነው ብለን ግን በሚዛን ላይ አናስቀምጠውም።

ከዚህ የተነሣ የቅኔ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ሲያርሙ የሚመረምሯቸውን ሦስት ነገሮች ለአንባቢ ሁሉ መስጠት እንችላለን። አንደኛ፥ ሰሙ ራሱን ችሎ ይቆማልን? በግልጥ የተነገረውን ታሪክ ሳይረዱ ወደ ምሥጢር መሮጥ ሰም ሳይሠሩ ወርቅ እንደ ማፍሰስ ነው። ሁለተኛ፥ ወርቁ የሰሙን መልክ ይሞላልን? አንድ ቃል ብቻ የገጠመ፥ የቀረው ሁሉ ያልገጠመ ትርጓሜ የተሰበረ ጌጥ ነው። ሦስተኛ፥ ከበፊቱና ከኋላው ያለው ንባብ ይመሰክራልን? አንድ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጸናልና፥ በአንድ ገጽ ያገኘነው ምሥጢር በሌላውም ገጽ ሊደገፍ ይገባዋል።

ይህ ጥበብ የተማሩ ሰዎች ብቻ ነው ብለንም አናስብ። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ለልቅሶ የተቀመጠች አልቃሽ የሟቹን ደግነትና የዘመዶቹን ንፉግነት በአንድ ቃል አሳይታ ትነሣለች፤ የገባው አንገቱን ይደፋል፤ ያልገባው አብሮ ያለቅሳል። በዛፍ ጥላ ሥር የሚሟገቱ ባላጋራዎችም ነገራቸውን በምሳሌ ያስውባሉ፤ ሰሙን ብቻ የሰማ ሽማግሌ ዕርቁን ያበላሻል። ሐዲስ ዓለማየሁ በጉባኤ ቤት የተማሩትን ወደ ልቦለድ ሲያገቡት ይህ ሕዝብ የሚረዳው ስለ መሰላቸው አልተሳሳቱም፤ በሬዲዮ የሰማው ገበሬ ስለ ጉዱ ካሳ የተናገረውን ያስታወሰ ይህን ይመሰክራል።

እንግዲህ ውድ አንባብያን ሆይ፥ ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው ይህ ነው። ከጎጃም ጉባኤ ቤት የወጣው ጥበብ በእስር ቤትም፥ በውጭ አገር አደባባይም፥ በልቦለድም ውስጥ አልጠፋም። ዛሬ በደጃችን ያለው ደበሎ የለበሰ ተማሪ የሚለምነው ቍራሽ እንጀራ ነው፤ በአኩፋዳው የያዘው ግን የማንበብ ቍልፍ ነው። እርሱን ስንረዳ የምንረዳው አንድ ድኻ ብቻ አይደለም፤ ነገ መጽሐፍን በትክክል የሚያነብልንን፥ ለልጆቻችንም በትክክል የሚተረጕምልንን ሰው ነው። መጽሐፍንም ስናነብ፥ ማን እንደ ተናገረ ሳንጠይቅ አንፍረድ፤ ሰሙን ሳናውቅ ወርቁን አንሻ፤ ወርቁንም ካገኘን በኋላ አስቀድመን የራሳችንን ልብ እንመርምርበት።

ናታንን ወደ ዳዊት የላከ አምላክ ለእኛም የሚያስተውል ልቡና ይስጠን፤ የደራሲውንም ነፍስ በአባቶቻቸው ዕቅፍ ያኑርልን። አሜን።